ጠርዟ የተጫረች ሳህን

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ማርቆስ ዝናብ ላይ ነን፤ የቆርቆሮው ድምፅ ከገባ ይቅርታ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ጎጃም ውስጥ፣ አንድ ማረሚያ ቤት ወጣት ታራሚዎችን አማርኛ አስተምር ነበር። አብዛኞቹ 16፣ 17 ዓመታቸው ነው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ደረሰብኝ። ልጆቹ አምስት ስድስት እየሆኑ ትሪ ከበዋል። አንዱ ግን ግድግዳ ሥር ብቻውን፣ ከፕላስቲክ ሳህን ይበላል። ሳህኗ ከሌሎቹ ጋር እንዳትቀላቀል ጠርዟ በምስማር ተጭሯል።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኩ።

"ቲቸር፣ እሱ እኮ ቡሽቲ ነው" አለኝ አንዱ፣ ልጁ እየሰማ።

ምን አይታችሁ? ምንም። አነጋገሩ ለስላሳ ነው፣ ገላውን ሲታጠብ ይደበቃል። በቃ። እኛ ጋ ደግሞ ማዕድ የማይጋሩት ሰው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በቁሙ ቀብረውታል ማለት ነው።

በማግስቱ ትምህርቱን ትቼ ምን እንደሚፈሩ ጠየቅኳቸው። ብዙ ዝም ብለው ቆይተው አንዱ ስለ መደፈር አነሳ። ያኔ ነው የገባኝ። እነሱ ዘንድ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪና ደፋሪ አንድ ሰው ናቸው። ስድቡን ብቻ "ነውር ነው" ብዬ ብከለክላቸው ኖሮ ፍርሃቱ እዚያው ይቀር ነበር።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ይዤ ገባሁ። አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በቀላል እስራት ይቀጣል። እኔ ባልስማማበትም አልደበቅኳቸውም። አንቀጽ 631 ደግሞ ልጆች ላይ የሚፈጸመውን ለብቻው አውጥቶታል፤ ተጎጂው ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ቅጣቱ ከ15 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። "አያችሁ፣ ሕጉ እንኳ ለያይቷቸዋል። አሁን አነጋገሩ የለሰለሰን ልጅ የሚቀጣ አንቀጽ ፈልጉልኝ" አልኳቸው።

ተሰብስበው ገጹን ገለጡ። አላገኙም። ሰው መደብደብን ግን አገኙ፤ ከመካከላቸው በእሱ የታሰሩ ነበሩና ክፍሉ ጸጥ አለ።

"ይድናል ወይ?" አለኝ አንድ ትንሽ ልጅ፣ ከልቡ። በሽታ እንዳልሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1990 እ.ኤ.አ. ከበሽታዎች ዝርዝር ለማውጣት መወሰኑን ነገርኩት። ረጅም ጊዜ አሰበ።

ሁሉም ተለወጡ አልላችሁም። አንዳንዶቹ እስከ መጨረሻው ፊታቸውን አዞሩብኝ፣ እኔም የነበረኝ ጊዜ አጭር ነበር። ያ "ቲቸር፣ እሱ እኮ" ያለኝ ልጅ ግን፣ ልሰናበት ሰሞን፣ ልጁን በስሙ ሲጠራው ሰማሁ።

"ና ቅረብ፣ ሽሮው ሳይቀዘቅዝ።"