አንዴ ብቻ ነው የጮኸችው

እሺ... ባለፈው ቃል የገባሁላችሁ ክፍል ይቆየን። ስቀዳ ሁሌ ከኋላዬ የምትሰሟት ዶሮዬ እቴጌ ዛሬ የለችም። የምትመጣም አይደለችም። ከማክሰኞ ሌሊት ወዲህ...

አንዴ ብቻ ነው የጮኸችው። ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለኝ እሱ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነቃሁ። ለምን እንደነቃሁ አላውቅም። ጨለማውን ሳዳምጥ አንዲት አጭር ድምፅ ሰማሁ። ቆጥ ላይ ቦታ ሲሻሙ የሚያወጧት ዓይነት ናት። «ተጋፍተው ነው» አልኩ። ብርድ ልብሱን ሳብኩት። ስስበው እጄ ራሱ ትዝ ይለኛል። መቀርቀሪያውን ማታ ሁለቴ ነካክቼ አረጋግጫለሁ። በሩ ዝግ ነው። ተኛሁ።

ከአልጋዬ እስከ ዶሮ ቤቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሁለት ደቂቃ።

ጠዋት በሩ እንደተዘጋ ነው። መቀርቀሪያውም ቦታው ላይ ነው። ውስጡ ግን ላባ ብቻ። አራቱ ወለሉ ላይ ናቸው፤ እቴጌ ጭራሽ የለችም። አውራ ዶሮው ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ድምፅ የለውም። ሸለምጥማጡ የገባው ከላይ ነው። ጣሪያው ከግድግዳው የሚገናኝበት ጋ፣ ለአየር ብዬ በተውኳት ክፍተት። ጠባብ ናት እኮ! ሸለምጥማጥ ግን ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው አካሉ ይከተላል። ግድግዳና ዛፍ መውጣት ደግሞ ለሱ ምንም አይደለም።

ባለፈው ስለሱ ነግሬያችኋለሁ አይደል? አጥሩ ላይ አየሁት፣ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት ነው፣ እንዴት ያምራል ብዬ። እናንተም ደስ ብሏችሁ ነበር። እያየሁት እኮ ነበር። መንገዱን እያጠና ነበር ማለት ነው?

ከታች የሚመጣውን ነበር የፈራሁት። ያ ቀዳዳው ስድስት ማዕዘን የሆነው የዶሮ ሽቦ ዶሮዋን እንዳትወጣ ያግዳታል እንጂ አውሬ አይመልስም። ውሻ ይቀደዋል። ትንንሾቹ ሾልከው ይገባሉ። ስለዚህ ቀዳዳው 13 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠንካራ ወንፊት ሽቦ ገዛሁ። የሚቆፍር አውሬ እንዳይገባ 30 ሴንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ቀበርኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ቆፈርኩ። ከላይ አንዲት ቁራጭ ብመታ ያልቅ ነበር። ቁራጩ እኮ ተርፎኝ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር።

ቀን ቢሆን አውራው ያስጠነቅቃቸው ነበር። ጭልፊት ሲያይ የሚያሰማው ጩኸት ሌላ ነው፣ በእግሩ የሚመጣ አውሬ ሲያይ ሌላ ነው። ለጭልፊቱ ዝቅ ብለው ይደበቃሉ፤ ለመሬቱ ቀና ብለው ይቃኛሉ። እንዴት እንደሚግባቡ ብታዩ! ጨለማ ላይ ግን ዶሮ ማየት ይቸግራታል። ከቆጥ ወርዳ አትሸሽም፤ እዚያው ትቀመጣለች። አራቱን ገድሎ ትቶ የሄደውም ለዚህ ይመስለኛል። የሚያድነው ነገር ካልሸሸ መግደሉን አያቆምም። ጭካኔ አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው። ይሄን ለራሴ ስነግረው አምናለሁ። ከዚያ የእቴጌን ላባ ከአጥሩ ስር ሳገኝ... አላምንም።

ክፍተቷን አሁን ደፍኛታለሁ። አንዴ የበላበት ቦታ ተመልሶ ይመጣልና ሌሊት ሌሊት ተነስቼ አያለሁ። የተረፉት ሁለቱ፣ አውራውና ትንሿ፣ ግን ቆጥ ላይ አልወጣም ብለዋል። ሲመሽ በራሳቸው ገብተው ይተኙ የነበሩት፣ አሁን ደጁ ላይ ቆመው እኔን ይጠብቃሉ። አንድ በአንድ አቅፌ አስገባቸዋለሁ። ትናንት ትንሿን ሳቅፋት ልቧ መዳፌ ላይ እንዴት ይመታ ነበር። ከዚያ ዝም ብላ አንገቷን ክንዴ ላይ ጣል አደረገችው። አምናኝ ነው? ወይስ ስለመሸባት ብቻ...

እንጃ። በሩን ዘግቼ ብዙ ቆምኩ።