ልጆቻችን ስልክ ላይ የሚጫወቱት ካርታ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንዴት አደራችሁ?

ቅዳሜ ጠዋት ጉዳያችሁን ትታችሁ አራት ኪሎ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እኛ ዘንድ «ካርታ» ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ቁማር ነው። እኔም የዘጠኝ ዓመት ልጄ ስልኬ ላይ ካርታ ሲጫወት ሳየው ስልኩን ከእጁ ነጠቅኩት። ማታ ግን ራሴ ከፍቼ አየሁት። ፒራሚድ የሚሉት ጨዋታ ነው። 52 ካርዶች አሉ፤ ድምራቸው 13 የሚሆን ሁለት ሁለት እየመረጡ ማንሳት ነው። በማግስቱ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። «እማዬ፣ ንግሥቷ 12 ናት፤ አንድ ብቻ ነው የሚጎድላት» አለኝ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። በጠመኔ ስንት ቀን የደከምኩበትን ልጄ እየሳቀ ሲሠራው አየሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንድ ካርድ ሊያነሳ ብሎ ተወው። «ይህችን አሁን ካነሳኋት በኋላ እቸገራለሁ» አለ። አስቀድሞ ማሰብ ማለት ይኸው ነው።

ከሳምንታት በኋላ ሌላ የካርታ ጌም አወረደ። ይኼኛው ገና ሲከፈት ኮይን፣ ማለትም የጨዋታ ገንዘብ፣ በነጻ ይሰጣል። ልጁ ኮይኑን ያስይዛል፣ ይሸነፋል። ኮይኑ ሲያልቅ «ግዛ፣ ወይም ማስታወቂያ እይና ይጨመርልሃል» ይለዋል። ልጄ ገንዘብ የለውም፤ ስለዚህ ማስታወቂያ ያያል። አንድ ቀን ከኋላው ቆሜ ስመለከት የሚያየው የውርርድ ማስታወቂያ ነበር። ክው አልኩ። የእውነት ብር አልጠፋም። ነገር ግን አንድ ሕፃን ተበልቶ ወዲያው መልሶ ማስያዝን እየለመደ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የጌም ሱስን በበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አካቶታል። ልጁ ስንት ሰዓት ተጫወተ ብቻ አይደለም ነገሩ። ተው ሲባል መተው ያቅተዋል ወይ? ከትምህርቱም ከጓደኞቹም ጌሙን ያስቀድማል ወይ? እየጎዳውም ይቀጥላል ወይ? ይህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲዘልቅ ነው ሐኪም ሱስ የሚለው። እኛ ግን 12 ወር መጠበቅ የለብንም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ጌሙን ከመከልከላችሁ በፊት አንድ ዙር ራሳችሁ ተጫወቱት። ኮይን የሚያስይዝ ከሆነ አጥፉት። ፒራሚድን የመሳሰሉት ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ዳታውን ስታጠፉት አብዛኛው ማስታወቂያም አብሮ ይጠፋል። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥራችሁን ልጅ እያየ አትንኩ። ማታ ስልኩ እናንተ ክፍል ይደር።

ከስብሰባው በኋላ ስልካችሁን ይዛችሁ ሁለተኛ ፎቅ፣ እኔ ክፍል ኑ። ልጆቻችሁ ያወረዱትን አንድ በአንድ ከፍተን አብረን እናየዋለን። እስከ ሰባት ሰዓት እዚያው ነኝ።