ጀልባው ስንት ሰዓት ይነሳል?

ባሕር ዳር ላይ ለጀልባ ባለቤቶች፣ ለአስጎብኚዎች፣ ለእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶችና ለድረ ገጽ ሠሪ ወጣቶች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። የጀልባ ባለቤቶች፣ አስጎብኚዎች፣ የእንግዳ ማረፊያ ያላችሁ፣ እዚያ ኋላ ላፕቶፕ ታቅፋችሁ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከዓሳ ጥብስ በኋላ ንግግር መስማት ፈተና እንደሆነ አውቃለሁ። እንዳትተኙብኝ እንጂ አላረዝምም።

ያረጀ ድረ ገጽን እንደገና ስለመሥራት ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። ይህን ሥራ የተማርኩት ካበላሸሁት ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

የመጀመሪያ ደንበኛዬ ሐይቅ ዳር ትንሽ ማረፊያ ያላቸው እናት ነበሩ። የድሮ ገጻቸው፣ እውነቱን ልናገር፣ ዓይን ያማል። ከላይ ስልክ ቁጥራቸው በትልቁ፣ በቀይ ተጽፏል። እኔ አፈርኩላቸው። ቀዩን አጠፋሁና ቁጥሩን «ያግኙን» የሚል ገጽ ውስጥ ከተትኩት። በቦታው ፀሐይ ጣና ላይ ስትጠልቅ የሚያሳዩ አምስት ፎቶዎች እየተፈራረቁ እንዲመጡ አደረግሁ። ያየው ሁሉ አደነቀ። በሦስተኛው ሳምንት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ በጣም ያምራል፤ እግዜር ይስጥህ። ግን ስልኬ ዝም አለ።»

ያ ቀይ ቁጥር አስቀያሚ ነበር። ግን እንጀራ ያበላ ነበር። ከዚያ ወዲህ «እዚህ ገጽ ላይ የሚመጣው ሰው ምን ሊጠይቅ ነው?» ሳልል ቀለም አልመርጥም።

ጥያቄውን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ወደቡ ላይ ግማሽ ቀን ቁሙ። ዘጌ ደርሶ መመለስ ስንት ነው? ጀልባው ስንት ሰዓት ይነሳል? ሴት ክብራን ገብርኤል ገዳም ትገባለች? አትገባም። ዳጋ እስጢፋኖስም አትገባም። ዘጌ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ትገባለች። አንዲት እንግዳ ይህን ከፍላ፣ ጀልባ ተሳፍራ፣ ደሴቱ ላይ ከደረሰች በኋላ መስማት የለባትም። እስኪ አሁን የራሳችሁን ገጽ ክፈቱና ፈልጉት። «ስለ እኛ» የሚል ረጅም ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ይህ ግን የለም።

ፏፏቴውም ያው ነው። ገጾቻችን ላይ ያለው የጢስ ዓባይ ፎቶ ሁሉ ውኃው ሞልቶ ሲጋልብ የተነሳ ነው። በበጋ ግን አብዛኛው ውኃ ወደ ኃይል ማመንጫው ይሄዳል። ሚያዝያ የመጣ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባዶ ገደል ሲያይ የሚቆጣው በእናንተ ነው። ወሩን ጻፉለት። «እውነቱን ከጻፍን ማን ይመጣል?» ያለኝ ሰው አለ። መስከረም ላይ ይመጣላ!

ስለ ሰዓቱ ደግሞ ጥፋቱ የራሴ ነው። አማርኛው ገጽ ላይ «ጀልባው 2:00 ይነሳል» ይላል። ወደ እንግሊዝኛው ሳዞር ቁጥሩን እንዳለ ተውኩት። ባልና ሚስት ምሳቸውን በልተው፣ ካሜራቸውን አንግተው፣ በእኛ ስምንት ሰዓት ወደቡ ላይ ከች አሉ። ጀልባው ጠዋት ሄዷል። የእኛ የጠዋት 2 ሰዓት ለእነሱ 8 ሰዓት ነዋ። ቀኑም እንደዚያው ነው። «ጥምቀት ጥር 11» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ የፈረንጆቹን ቀን አጠገቡ አድርጉለት።

አሁን ወደ ኋላ ወንበሮች ልዙር። ልጆች፣ ቤት የሚቀይር ሰው መጀመሪያ ዕቃውን ይቆጥራል። እናንተም የድሮውን ገጽ አንድ በአንድ መዝግቡ። የቱ ይቀጥላል፣ የቱ ይታረማል፣ የቱ ይጣላል? ያለፈ ዓመት የበዓል ምኞት አዲስ ቤት ይዛችሁ አትግቡ።

የቆየ ጽሑፍ ስትገለብጡ ተጠንቀቁ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የድሮዎቹ ፎንቶች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ የሚለጥፉ ነበሩ። ፎንቱ የሌለው ስልክ ላይ የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ክምር ነው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አዙሩት። ከዚያ ሰው ቁጭ ብሎ ያንብበው፤ መቀየሪያም ይሳሳታል።

መፈለጊያ ሳጥን ካስገባችሁ ደግሞ አንዱ «ዓባይ» ሌላው «አባይ» ብሎ እንደሚጽፍ አትርሱ። «ፀሐይ»ን በስንት ዓይነት እንደምንጽፍ እናውቃለን። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ኮምፒውተሩ እንደ አንድ እንዲቆጥር ካልነገራችሁት፣ ያላችሁን ነገር «የለም» ይላል። የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ተዉት፤ እንግዳው ጀልባ ነው የሚፈልገው።

ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው የገጾቹ አድራሻ ነው። አድራሻችሁ የሰው ማስታወሻ ውስጥ፣ ቢዝነስ ካርድ ላይ፣ የሌሎች ድረ ገጾች ላይ ተጽፏል። ስሙን ቀይራችሁ ዝም ካላችሁ ሰውየው 404 የሚል ባዶ ገጽ ያገኛል። 301 የሚባል ቋሚ ማዞሪያ አለ፤ በድሮው አድራሻ የመጣውን ሰው ወደ አዲሱ ይወስደዋል፣ ለጉግልም ቤት መቀየራችሁን ይነግረዋል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሳይሠራ ሲቀር ግን የዓመታት ደንበኛ ይጠፋል።

ፎቶ አሳንሱ። ከስልክ የወጣ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ 30ው 120 ሜጋባይት ነው። ያ የሰው የካርድ ገንዘብ ነው።

ባለቤቶች፣ አንድ ነገር ለእናንተ። ዶሜይኑ፣ ማለትም የድረ ገጻችሁ አድራሻ ስም፣ በማን ስም ነው የተመዘገበው? ፓስወርዱ ማን እጅ ነው? ገጹን የሠራው ልጅ አዲስ አበባ ገብቶ ስልክ አላነሳም ካለ ቁልፉ የለም ማለት ነው። እኔም የዚያ ልጅ ዓይነት ሆኜ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አትመኑን። ዶሜይኑ በራሳችሁ ስምና ኢሜይል ይሁን።

አዲሱን ገጽ የምትከፍቱበትን ቀንም ምረጡ። እንግዳ በሚጎርፍበት በገናና በጥምቀት ዋዜማ የሚሞክር ሰው ልቡ ደንዳና ነው። ሐምሌ ዝናቡ ሲወርድ፣ ወደቡ ጭር ሲል ክፈቱት። የድሮውንም ቅጂ አታጥፉ። ሌሊት አንድ ነገር ቢበላሽ መመለሻ ይሆናችኋል።

አሁን የቤት ሥራ። ዛሬ ማታ ገጻችሁን አይቶት ለማያውቅ ሰው፣ ለእናታችሁም ቢሆን፣ ስልካችሁን ስጡት። «ነገ ዘጌ ለመሄድ ስንት እከፍላለሁ?» በሉት። ከጎኑ ተቀመጡ፤ አትርዱት። እጃችሁን ይበላችኋል፤ ቻሉት። የት ላይ ግራ እንደገባው ወረቀት ላይ ጻፉና ነገ ጠዋት ይዛችሁልኝ ኑ። ሥራ የምንጀምረው ከዚያ ወረቀት ነው። በ2 ሰዓት፣ በእኛው።

አመሰግናለሁ።