ሦስት ደቂቃ በሜሞሪ ካርድ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። የዛሬው ጉዳያችን ትምህርት ቤትና ስልክ ነው። ተማሪ ጠረጴዛ ሥር ስለሚደብቀው ስልክ አይደለም የማወራው። መምህራንና የወላጅ መምህር ህብረቱ፣ ወመህ የምንለው፣ ትምህርት ቤቱን ሊያቃኑበት ስለሚችሉት ስልክ ነው።

በእኛ በጎጃም፣ ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ስለ ትምህርት ቤት ፌስቡክ ላይ የሚወጣው አብዛኛው ነገር ወደ ውጭ የሚጮኽ ነው። የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ልጅ፣ «ያለህ ድረስ»። አይቶ የሚያዝነው ባሕር ማዶ ያለው ወገን ነው፤ ልጁን «ዛሬ ከብት ጠብቅ» ብሎ ያስቀረው አባት ግን ጽሑፉን አላየውም። እኔ የምለው መልእክቱ መጀመሪያ ለዚህ አባት ይድረስ፣ መልሱም ይምጣ ነው። አንድ ወገን ብቻ ሲናገር ምን እንደሚሆን ፕላዝማ አሳይቶናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የገባው የሳተላይት ትምህርት በእንግሊዝኛ፣ በራሱ ፍጥነት ይነጉድ ነበር። ተማሪ «አልገባኝም» ቢል ቴሌቪዥኑ አይሰማ! መብራት ከጠፋ ደግሞ ክፍለ ጊዜው ሄደ።

ስለዚህ በድምፅ እንጀምር። ሳምንት በሳምንት አንድ የሦስት ደቂቃ ቅጂ። ማንበብ የማይችል ወላጅ ይሰማዋል፣ ባለ ቁልፍ ስልክም ያጫውተዋል። ደግሞስ የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤት አገር በጆሮ መማር ብርቁ ነው እንዴ? ተማሪው ቅኔውን በቃሉ ቆጥሮ መጥቶ ለመምህሩ ነግሮ የሚያሳርምበት አገር እኮ ነው።

ክፍል ውስጥ አትቅዱ። ቆርቆሮ ጣሪያና ባዶ ግድግዳ ድምፁን ያስተጋባዋል፤ ዝናብ ከመጣማ አለቀ። መጽሐፍ የተከመረበት ዕቃ ግምጃ ቤት ይሻላል፣ ወረቀቱ ድምፁን ይውጠዋል። ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉ፣ ከአፍ አንድ ስንዝር አርቁ፣ ነፋስ ካለ በነጠላ ጫፍ ሸፈን አድርጉት። በአንድ ቅጂ አንድ ጉዳይ ብቻ። ስለ መዋጮ፣ ስለ ፈተናና ስለ አጥር በአንድ ላይ የተነገረው ወላጅ፣ ይዞ የሚሄደው መዋጮውን ብቻ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ ብዙ ጊዜ አይከፈትም፤ የፋይሉ ዓይነት ሌላ ነው። ወደ ኤምፒ3 ቀይሩት፤ ሞኖ (ባለ አንድ መስመር ድምፅ)፣ ጥራቱ በሰከንድ 32 ኪሎቢት። ሦስት ደቂቃው 720 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል። በ128 ከተውት ወደ 3 ሜጋባይት ይጠጋል፣ ለምንም አይጠቅምም። የፋይሉን ስም በአማርኛ አትጻፉ፤ አንዳንዱ ስልክ ፊደሉን አራት ማዕዘን ሣጥን አድርጎ ነው የሚያሳየው። «03-2» ብሎ ወሩንና ሳምንቱን በቁጥር መጻፍ ይበቃል። በጽሑፍ የሚላክ ማስታወቂያም ጣጣ አለው። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ በፓወር ግዕዝ፣ የተጻፈ ደብዳቤ ስልክ ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ሁሉም ስልክ በሚያነበው የፊደል ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ጻፉት፣ ካልሆነ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩት።

እንዴት ይድረስ? ኔትወርክ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። በ2015 ክረምት ግጭቱ ሲጀምር የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር የማያስታውስ የለም። መንገዱ ሜሞሪ ካርድ ነው። በገበያ ቀን ዘፈንና ፊልም የሚጭነውን ባለ ሱቅ አነጋግሩት፤ የደንበኛ ሜሞሪ ላይ ዘፈን ሲጭን ያችን ፋይል በነፃ አብሮ ይጫናት። በየጎጡ አንድ የወመህ አባል ይኑር፣ በብሉቱዝ የሚያሻግር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚያሰማ። በአዊ በኩል ቅጂው በአዊኛም ይሠራ።

መልሱ እንዴት ይመለስ? በሚስኮል። ሁለት ሲም በሚይዝ አንድ ስልክ፣ «የምትስማሙ በዚህኛው ቁጥር፣ የማትስማሙ በዚያኛው»። ገንዘብ አያስወጣም። ከአንድ ስልክ ሦስት ጊዜ የደወለ አንድ ተብሎ ይቆጠር። ቁጥሮቹ ደብተር ላይ ይቅሩ፤ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ድምሩ ብቻ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ቅጂ ከምንም በፊት ይህንን ውጤት ይናገር። ያ ከተዘለለ በሦስተኛው ሳምንት የሚደውል አታገኙም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ይሁን? እኔ ብጠየቅ የተማሪ ከትምህርት መቅረትን እመርጣለሁ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ፣ 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ መሆኑን ያላጋራ ሰው አልነበረም። ያ ቁጥር የመጣው ግን ካለቀ በኋላ ነው። ረቡዕ ዕለት 4ኛ ክፍል የተገኘው ልጅ ቁጥር ግን ገና የሚስተካከል ነው። ሁልጊዜ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ወንድና ሴት ለይታችሁ ቁጠሩ፤ የተመዘገበና የተገኘ። የገበያውን ቀን ከሌላ ቀን ጋር አታነጻጽሩ፣ ያሳስታችኋል። ኅዳር ላይ ጤፍ አጨዳ ሲደርስ ቁጥሩ ከወረደ፣ ሚስኮሉ «ፈረቃው ይቀየር ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። የቀረውን ልጅ በስሙ መጥራት ግን ነውር ነው፣ ይቅር።

ፎቶን በአጭሩ። የልጅ ፊት አይታይ፣ በዚህ ጊዜማ የስብሰባ ቦታና ሰዓትም አይለጠፍ። እርዳታ ከጠየቃችሁም ሒሳቡን አስቀምጡ። ለ60 ተማሪ፣ በአንድ ኮምባይንድ ዴስክ ሦስት ሲቀመጥ፣ 20 ያስፈልጋል፤ 13 ካለ የጎደለው 7 ነው። ከሁለት ብየዳ ቤት የዋጋ ማቅረቢያ አያይዙ። ገንዘቡ በትምህርት ቤቱ ሒሳብ በጣምራ ፊርማ ይግባ፤ በማንም ሰው ቴሌብር አይግባ። ሰባቱ ዴስክ ሲመጣ ደረሰኙን ያንኑ ጽሑፍ ሥር ለጥፉ።

በመጨረሻ፣ የትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ቻናል በርዕሰ መምህሩ የግል ስልክ ተከፍቶ ከሆነ፣ ዝውውር ሲመጣ አብሮ ይሄዳል። ቴሌግራም ባለቤትነት የሚያዛውረው የባለቤቱ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ተጨማሪው የይለፍ ቃል) ከተከፈተ ከ7 ቀን በላይ ሲሆነው ነው፤ ሰውየው ጓዙን በሚጭንበት ቀን ብትጀምሩት አይሆንም። ሰኔ ሳይገባ ሦስት አስተዳዳሪ አድርጉለት፣ አንዷ የወመህ እናት ትሁን፤ እሷን ወረዳው አያዛውራትም።