አስተርጓሚው ምን ዘለለ?

…እሺ፣ ድምፁ ገብቷል። ስለ ማይኩ የጻፋችሁልኝ፣ ተቀይሯል፣ አሁን ተዉኝ።

ያ የፒክቶች ነገር አለቀቀኝም። የስኮትላንድ ሰሜን ሰዎች። በ297 እ.ኤ.አ. አንድ ሮማዊ ንግግር አዋቂ ቄሳሩን ሲያወድስ ‘ፒክቲ’ አላቸው። በላቲን ‘ቀለም የተቀቡ’ ነው። በኋላ የሴቪያው ጳጳስ ኢሲዶር፣ ሰውነታቸውን በመርፌ ስለሚወጉ ነው አለ። ንቅሳት እኮ ነው! አያቴ አንገቷን ሙሉ ተነቅሳ ማንም ‘ቀለም’ ብሎ አልጠራትም።

የለም፣ ሮማውያኑ የሰዎቹን ስም ሰምተው ወደ ላቲን አጣመሙት የሚሉ ሊቃውንትም አሉ። አየርላንዶች ደግሞ ‘ክሩትኒ’ ይሏቸው ነበር። ራሳቸውን ምን እንደሚሉ ግን ጽፈው አልተዉልንም። (የእኛን ስም ልታነሱ ነው አይደል? ዛሬ አልገባበትም።)

እኔን የያዘኝ ሽማግሌው ነው። በስኮትላንድ የአዮና ደሴት ገዳም አበምኔት አዶምናን በጻፈው የአየርላንዳዊው ቅዱስ ኮሎምባ ገድል ውስጥ አለ። እዚያው ስኮትላንድ፣ ስካይ ደሴት ላይ ጀልባ ትመጣለች። ሁለት ወጣቶች አንድ ያረጀ ሰው ተሸክመው ቅዱሱ ፊት ያስቀምጡታል። በአስተርጓሚ ቃሉን ሰማ፣ አመነ፣ ተጠመቀ። እዚያው ሞተ። ድንጋይ ከምረው ቀበሩት። ስሙ አርትብራናን ነው፤ የተጠመቀበት ወንዝ ሳይቀር በስሙ ተጠራ።

በአስተርጓሚ ስለሆነ ነው ፒክት የሚሉት። የሰውየው ስም ተረፈ። ሕዝቡ ራሱን የጠራበት ግን… እስቲ አስቡት። ቅዱሱ አለ፣ ሽማግሌው አለ፣ መሀል ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ። ‘ከነማን ነህ?’ ሳይለው ይቀራል? እኛ ብንሆን መጀመሪያ የምንጠይቀው እሱን ነው!

የዛሬው የስኮትላንድ ስምም እኮ፣ ‘ስኮቲ’ ሮማውያን አየርላንዶችን የሚጠሩበት ነበር። በ1320 እ.ኤ.አ. የስኮትላንድ መኳንንት ለሮማው ጳጳስ በጻፉት ደብዳቤ ላይ ፒክቶችን ፈጽመን አጠፋን ብለው ይኮራሉ። አጠፉ ወይስ ተቀላቀሉ… ተዉት፣ እሱ ሌላ ክፍል ይፈልጋል።

አስተርጓሚው ላይ ልመለስ። ጠይቆትስ ቢሆን? ሽማግሌው ነግሮት፣ ‘ይሄ ለቅዱሱ ምን ያደርግለታል’ ብሎ ዘሎት ቢሆንስ? እኔ ለእማዬ ሐኪም ቤት ሳስተረጉም እንደዛ ነኝ። ዶክተሩ ስንት ነገር ያወራል፣ እኔ ‘ደህና ነሽ አለሽ’ ብዬ እጨርሳለሁ። ያንን ክፍል የሰማችሁት ታውቁታላችሁ።

እሷም ‘ይሄን ሁሉ አውርቶ ይቺን ብቻ?’ ብላኝ አታውቅም። ገብቷት ይሆን… እኔ እንጃ። ወይ ደግሞ…