ላሟን አስረው እኛን የፈቱን ጋሼ

እንደምን አረፈዳችሁ። አባቶች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ መምህራኖቻችን፣ እትዬ ከነልጆችዎ፣ ከባሕር ዳርም ከአዲስ አበባም ሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁ የድሮ የክላስ ጓደኞቼ፣ እዛ ባሕር ዛፉ ስር የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። የምናገረውን ስልኬ ላይ ጽፌ ነው የመጣሁት፣ በቃሌ ከጀመርኩ እንባ ይቀድመኛል ብዬ ነው፣ ስለዚህ እያየሁ ሳነብ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ጋሼ ካረፉ ዛሬ ዓመት ሞላቸው። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ፣ አንዱ "እንደሳቸው ያለ አስተማሪ የት ይገኛል" ይላል፣ ሌላው ደግሞ "እንደሳቸው ያለ ከብት አርቢስ" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ግን እኔን ሁሌ የሚከነክነኝ ነገር አለ፣ ሰው ጋሼን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያወራቸው፣ ጠዋት አስተማሪ ከሰዓት አርቢ፣ ደሞዝ ስላልበቃቸው ላም የገዙ ይመስል። እንደሱ አይደለም። ጋሼ ላም በረታቸው ውስጥ ያሰሩት በኛ ምክንያት ነው፣ በእረኞቹ።

ጋሼ ራሳቸው እረኛ ነበሩ። እዚሁ ማቻከል፣ ተምጫ ወንዝ ዳር ከብት እየጠበቁ ነው ያደጉት። ከዛ እንደ ብዙ የጎጃም ልጅ ደበሎ ለብሰው አኮፋዳ አንግተው ቅኔ ሊቆጥሩ ወጡ፣ ከዛ ዘመናዊ ትምህርት፣ ከዛ መምህርነት። በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ገና ጺማቸው በቅጡ ያልበቀለ ወጣት ነበሩ። ዘመቻው በኋላ በ15 ቋንቋ የተካሄደ ትልቅ ነገር ነው፣ ለኛ ቀበሌ ግን ዘመቻው ማለት ጋሼና አንድ ኩራዝ ነበር። እናቴ ስሟን መጻፍ የተማረችው ከሳቸው ነው፣ ሊጡን አቡክታ እጇን ታጥባ ትሄድ ነበር አሉ።

ማታ ማታ እናቶቹ ይመጣሉ፣ ቀን ግን ልጆቹ አይመጡም። ችግሩ እሱ ነበር። ጋሼ ስም ሲጠሩ ቀሪ ብለው አያልፉም፣ የቀረበትን ምክንያት ነው የሚጽፉት፣ ያቺ ሽፋኗ በላስቲክ የተለበጠች ደብተር ላይ። የኔን መስመር በኋላ አሳይተውኛል። "ከብት፣ ከብት፣ ከብት፣ ታመመ፣ ከብት።" ካንድ ወር ውስጥ የተማርኩት ስድስት ቀን ነው።

ጋሼ አባቴ ዘንድ መጡ። አባቴ ቁጡ ሰው ነው፣ ነፍሱን ይማረው፣ "ልጁ ተማሪ ቤት ከዋለ ከብቱን ማን ይጠብቃል፣ አንተ ትጠብቅልኛለህ?" አላቸው። እኔ ጓዳ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሌላ መምህር ቢሆን ስለ ትምህርት ጥቅም አንድ ሰዓት ያወራ ነበር፣ ጋሼ ግን ዝም አሉ፣ ጠላቸውን ጠጡ፣ "እውነት ነው ጋሼ፣ መልስ የለኝም" ብለው ወጡ። መልስ ሳይዙም ተመልሰው አልመጡም።

በዚያ ጊዜ አባቴ 11 ከብት ነበረው። 11! ግን እቤታችን እርጎ የሚገኘው ለዓመት በዓል ነው፣ ምክንያቱም ያገራችን ላም በቀን አንድ ሊትር ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ሊትር ብትሰጥ ነው፣ እሱንም ጥጃው ነው የሚቀድመን። ለዛች ወተት ነው እንግዲህ እኔና ወንድሜ ከንጋት እስከ ማታ ሜዳ ላይ የምንውለው። ጋሼ ይሄን ሒሳብ ሠሩት። እስከ አንዳሳ ድረስ ሄደው የእንስሳት ምርምር ማዕከሉን አዩ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ስትሄዱ ያለውን፣ ከ1956 ጀምሮ የፎገራን ከብት ሲያጠና የኖረውን ማለቴ ነው። ከዛ ስንት ዓመት ያጠራቀሙትን ብር አውጥተው አንዲት ድቅል ጊደር ገዙና እቤታቸው ጋጥ ሠርተው አሰሯት።

አገር ተሰበሰበ። ላም ታስራ ትኖራለች እንዴ? ምን ልትበላ? የምትበላውን ያዘጋጀነው እኛ ነን፣ አምስተኛ ክፍል። ጋሼ 100 ኪሎ የጤፍ ገለባ አስመዘኑን፣ 5 ኪሎ ዩሪያ 100 ሊትር በሚሆን ውሃ አስበጠበጡን፣ እያርከፈከፍን ረግጠን ረግጠን ጉድጓድ ውስጥ ጠቀጠቅነው፣ በላስቲክ ሸፍነን አየር እንዳይገባ አፈር ጫንበት። 21 ቀን። ሲከፈት ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፣ ገለባው ደግሞ ወርቅ መስሎ ለስልሶ። "ይሄ የሚያስለቅሳችሁ አሞኒያ ይባላል፣ ሳይናፈስ እንዳትሰጧት፣ ዩሪያውን በጥሬው ከላሰች ደግሞ ትሞታለች" አሉን። ኬሚስትሪ የሚባል ትምህርት እንዳለ ሳላውቅ አሞኒያን አወቅኩ። በዛ ላይ ፋጉሎና ፉርሽካ፣ አጥር ዳር ዝሆኔ ሳር፣ በቃ። ስትወልድ ጠዋትና ማታ ተደምሮ 9 ሊትር ታለበች።

አባቴ ሊያይ መጣ። አልገባም፣ አጥሩን ተደግፎ ከአለባው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ቆሞ አየ፣ ምንም ሳይል ተመለሰ። በሁለተኛው ወር ስድስት ከብት ሸጦ አንድ ጊደር ገዛ፣ ለቀሩት አምስቱ ከጎረቤት ጋር በወረፋ መጠበቅ ጀመሩ፣ እኔም ትምህርት ቤት በየቀኑ መዋል ጀመርኩ። ከዓመታት በኋላ ለምን እንደዛ እንዳደረጉ ስጠይቃቸው "ላሟን ያሰርኳት ልጁን ልፈታ ነው" አሉኝ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ እንደኔ የተፈታችሁ ስንት እንደሆናችሁ እናንተ ታውቃላችሁ።

ሒሳብም በላም ነው ያስተማሩን። ላም የምታረግዘው በአማካይ 283 ቀን ነው፣ ማለት ዘጠኝ ወር ከ13 ቀን። ጋሼ ሰሌዳው ላይ "ጥር 1 የተዳቀለች ላም መቼ ትወልዳለች?" ብለው ይጽፉና እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ይቆማሉ። ሁላችንም እየተሻማን ጥቅምት 14! ጥቅምት 14! "ጳጉሜንስ ማን በላት?" ይላሉ። መልሱ ጥቅምት 9 ነው፣ አምስት ቀን የረሳ ሰው ላሙ ሜዳ ላይ ትወልድበታለች። አንድ ቀን የቄስ ልጅ የሆነ ጓደኛችን ተነስቶ "ጋሼ ዘመኑ ሉቃስ ከሆነ ግን ጳጉሜ ስድስት ስለሆነች ጥቅምት 8 ነው" አለ። ጋሼ ጠመኔውን ሰጡትና ወንበሩ ላይ እሳቸው ተቀመጡ፣ ያን ቀን ያስተማረን እሱ ነው።

ስለ ጾሙም ልንገራችሁ፣ እዚህ ወተት የሚሸጡ ወጣቶች ስላሉ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ወተት የሚገዛ የለም፣ ላሟ ግን አትጾምም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። ጋሼና እትዬ በሁዳዴ ወተቱን አጠራቅመው ይንጡና ቅቤውን አንጥረው ያስቀምጣሉ፣ ለፋሲካ ያወጡታል። ደብተርና እስክሪብቶ ላጣ ልጅ የሚገዛው ከዛ ቅቤ ነው፣ እትዬ ይሄን አታውራ ብለውኛል፣ ይቅርታ እትዬ።

የኛ ጊደር ሞታብናለች። ክትባት ይመጣል ይመጣል ተብሎ ክረምት ገባ፣ አልመጣም። የማን ጥፋት እንደሆነ ዛሬ ማንሳት አልፈልግም። አንድ ጠዋት አነከሰች፣ ታፋዋ አብጦ ቆዳዋን ስጫነው እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ፣ አባ ጎርባ ነው፣ ማታውን ሞተች። ጎረቤት ቢላ ይዞ መጣ፣ ሥጋውን እንዳይጥል። ጋሼ እየሮጡ ደርሰው ከለከሉ፣ ኮታቸውን አውልቀው ከአባቴ ጋር ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ እስከ ምሽት። ሲጨርሱ አባቴ አፈሩ ላይ ተቀመጠ፣ ጋሼም አጠገቡ ተቀመጡ፣ ምንም አላሉትም። እኔ የእንስሳት ሐኪም የሆንኩት ያን ማታ ነው።

በ2003 ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ከዓለም ጨርሶ ጠፋ ተብሎ ሲታወጅ መጀመሪያ የደወልኩት ለሳቸው ነው። ታሪኩን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ከ1880 እስከ 1884 የነበረውን ክፉ ቀን፣ ከአስር ከብት ዘጠኙን ፈጅቶ የሚያርስ በሬ ጠፍቶ ሰው በረሃብ ያለቀበትን። ስልኩ ላይ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዛ "ነገ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ" አሉ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው እኮ፣ ሳምንቱን ሙሉ በየክፍሉ እየገቡ ሲናገሩ ሰነበቱ ብላ ልጃቸው ነገረችኝ።

አምና ነሐሴ ሲያርፉ ልጃቸው ደብተሯን ሰጠችኝ። የመጨረሻው ገጽ ላይ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የጻፉት "ቡሬ፣ ጥር 1 ተዳቀለች፣ ዘመነ ሉቃስ፣ ጥቅምት 8" ይላል። ቡሬ ላማቸው ናት። ፈቃድ ወስጄ ጥቅምት 7 መጣሁ። ጥቅምት 8 ለ9 አጥቢያ ሌሊት ነው የወለደችው፣ እኔ ጥጃዋን ሳብኩ፣ ልጃቸው እንገሩን አለበች፣ ሰዓት ሳይሞላ አጠጣናት፣ እንገር ይዋል ይደር አይባልም ይሉ ነበርና። ሴት ናት፣ ግንባሯ ነጭ። አሁን አስር ወሯ ነው፣ ከዛ አጥር ጀርባ አለች፣ ስንጨርስ ሄዳችሁ እዩዋት።

ተማሪዎች፣ አሁን ወደናንተ ልምጣ። እናትየዋ ቡሬ እንደገና ተዳቅላለች፣ የካቲት 10 ቀን። ዘመኑ ዮሐንስ ነው። መቼ ትወልዳለች? ስልክ አይነካም፣ በጣታችሁ ቁጠሩ። ያወቀ እጁን ያውጣ።