ብብቱ ጥቁር የሆነው ጭልፊት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ ወፍ ላወራችሁ ነው።

ልጅ እያለሁ አያቴ ቤት የኔ ሥራ ጫጩት መጠበቅ ነበር። መሬቱ ላይ ጥላ ሽው ካለ "ጭልፊት! ጭልፊት!" እያልኩ እጮሃለሁ። ለኔ ጭልፊት ማለት ሌባ ነበር፣ በቃ።

አሁን የምኖረው ኮሎራዶ ነው። በሜይ መጨረሻ ከአውሮራ ሁለት ሰዓት ያህል ነድቼ ፓውኒ የሚባለው የሣር ሜዳ ሄድኩ። ሣርና ነፋስ ነው። መሃል ላይ ሁለት ነጣ ያሉ ገደሎች ቆመዋል። ከማርች 1 እስከ ጁን 30 መጠጋት ክልክል ነው፤ ወፎቹ የሚፈለፍሉበት ጊዜ ስለሆነ። ስለዚህ ከሩቅ በቢኖክላር ነው የማየው። መጀመሪያ ያየሁት ኩሱን ነው። ገደሉ ላይ ኖራ ያፈሰሱበት ይመስላል።

ከዚያ ወፉ መጣ። ቀለሙ ደረቅ አፈር ነው፣ ሜዳው ላይ ሲበር ይጠፋችኋል። ዞር ሲል ግን ክንፉ ሥር፣ ልክ ብብቱ ላይ፣ ጥቁር አለ። ያኔ አወቅኩት። ፕሬሪ ፋልከን የሚባለው የሜዳ ጭልፊት ነው።

ጎጆ አይሠራም። ገደሉ ላይ ያለውን አቧራ ጫር ጫር አድርገው ብዙ ጊዜ 4 ወይም 5 እንቁላል ይጥላሉ። ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች። እሷ አንድ ወር ያህል ስትታቀፍ እሱ ያድናል። አደኑም ብዙውን ጊዜ ዝቅ ብሎ፣ ሣሩን እየታከከ ነው። ያልጠረጠረ ላይ ድንገት ይደርስበታል።

እኔን የገረመኝ ግን አይዳሆ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ያለው ነገር ነው። ስኔክ ወንዝ ገደል ላይ 200 ያህል ጥንዶች ይፈለፍላሉ። ዋናው ምግባቸው እንደኛ አገር ፍልፈል ጉድጓድ ቆፍራ የምትኖር ስኩዊረል ናት። የስኩዊረሏ ልጆች ከጉድጓድ የሚወጡት ፀደይ ላይ ነው፣ የጭልፊቱ ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተው በሚጠብቁበት ሰሞን። ጁላይ አካባቢ ሣሩ ይደርቃል፣ ስኩዊረሎቹም ጉድጓድ ገብተው ይተኛሉ፤ እስከ ብርዱ ወራት ማብቂያ አይወጡም። ጭልፊቱም ይሄዳል። ብዙዎቹ ተራራውን ተሻግረው ወደ ሞንታና፣ ወደ ካናዳ፣ ስኩዊረል ገና ወዳልተኛበት ይሄዳሉ። ብርዱ ሲመጣ ደግሞ ወደ ደቡብ ሜዳ ወርደው ትንንሽ የሜዳ ወፎችን ይበላሉ።

በ1971 አይዳሆ ላይ ቦታው መጀመሪያ ሲከለል በዋናነት ገደሉና ወንዙ ዳር ነበር። ያስኬዳል፣ የሚፈለፍሉት እዚያ ነዋ! በኋላ ተመራማሪዎች ሲከታተሏቸው ግን ለአደን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚርቁ አዩ። ገደሉ መኝታቸው ነው፣ ጓዳቸው ሜዳው ነው። ስለዚህ ክልሉ ሰፋ፤ በ1993 ኮንግረስ በሕግ አጸናው። ዛሬ ወደ 2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። እኔ ይሄን ውሳኔ በጣም እወደዋለሁ። ችግሩ ሜዳው አሁንም ይቃጠላል። ከውጭ የመጣ ሣር ቶሎ ይደርቅና እሳት ይይዛል፣ ቁጥቋጦው ያልቃል፣ ስኩዊረሎቹም ይጎዳሉ። ገደሉን እሳት አይነካውም።

ስመለስ መንገዱ ዳር አንዲት ስኩዊረል ጉድጓዷ አፍ ላይ በኋላ እግሯ ቆማ አየሁ። ሞተር አጠፋሁ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ድንገት ፊሽካ የመሰለ ቀጭን ድምፅ አሰማችና ገባች። ቀና ብዬ አየሁ።